በእናቴ ማዘዣ ላይ ያሉት «ኦዲ» እና «3/12» ምን ማለት ናቸው?

ጠያቂ፦ የደብረ ብርሃኑ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የ67 ዓመት እናቴ የሚኖሩት ደብረ ብርሃን ነው፤ እኔ ደግሞ አዲስ አበባ እሠራለሁ። ባለፈው ሳምንት ለምርመራ እኔ ዘንድ መጥተው በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ታዩ፤ በአንደኛው ለደም ግፊታቸውና ገና ለተገኘባቸው የስኳር ሕመም፣ በሌላው ለዓይናቸው ግፊት። ከሁለቱም ቦታ ማዘዣ ተጽፎላቸው መድኃኒቱን እዚሁ ከገዛን በኋላ በማግሥቱ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። መድኃኒት ቤቱ በሰው ተጨናንቆ ስለነበር ካርቶኖቹ በላስቲክ ተከተው ተሰጡን እንጂ በላያቸው ላይ አወሳሰዱ አልተጻፈም። እኔም ሰልፉን አይቼ ሳልጠይቅ ወጣሁ፤ ይህ እስካሁን ይቆጨኛል።

የመጀመሪያው ወረቀት «አምሎዲፒን 5 ሚሊ ግራም፣ ፒኦ፣ ኦዲ፣ 3/12» ይላል። ከሥሩ «ሜትፎርሚን 500 ሚሊ ግራም፣ ፒኦ፣ ቢአይዲ፣ ፒሲ፣ 3/12»፣ ቀጥሎም «ፓራሲታሞል 1 ግራም፣ ፒአርኤን» ተብሎ ተጽፏል። የዓይን ሐኪሙ ወረቀት ደግሞ «ቲሞሎል 0.5 በመቶ፣ 1 ጂቲቲ፣ ኦዲ፣ ቢአይዲ» ይላል። ፊደሎቹ በወረቀቱ ላይ የላቲን ናቸው፤ እዚህ ያሰፈርኳቸው ሲጠሩ እንደሚሰሙት ነው።

የደም ግፊቱን መድኃኒት፣ አምሎዲፒኑን፣ እናቴ ከድሮም የሚወስዱት ስለሆነ አላስቸገራቸውም። የስኳሩን መድኃኒት፣ ሜትፎርሚኑን፣ ግን የጎረቤት ልጅ፣ የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ «3/12» የሚለውን አይቶ «በየ12 ሰዓቱ 3 ፍሬ» ብሎ አነበበላቸው። ልጁ ሊረዳቸው ብሎ ያደረገው ስለሆነ አልወቅሰውም። እናቴም እንደተነገራቸው ሁለት ቀን ሙሉ ጠዋት 3፣ ማታ 3 ፍሬ ወሰዱ። ትናንት ማታ ስደውልላቸው ሆዳቸው እንደተበጠበጠ፣ እንደሚያቅለሸልሻቸውና ተቅማጥ እንደያዛቸው ነገሩኝ። የወረቀቶቹን ፎቶ በቴሌግራም አስልኬ ብመለከት እኔም በትክክል ማንበብ አልቻልኩም።

«ቢአይዲ» በቀን ሁለት ጊዜ እንደሆነ ከሰው ሰምቻለሁ። ያልገባኝ «3/12» ነው። ከሁሉ በላይ ያደናገረኝ ደግሞ «ኦዲ» ነው፤ በቀን አንድ ጊዜ ማለት ከሆነ በዓይን ጠብታው ላይ «ኦዲ» እና «ቢአይዲ» እንዴት ጎን ለጎን ሊጻፉ ቻሉ? አንድ ጊዜ ነው ሁለት ጊዜ? የምታውቁ በማስተዋል ብትመልሱልኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ፋርማሲስት ከጅማ

ወንድሜ፣ ከፊደሉ በፊት እናትዎ ይቅደሙ። የታዘዘላቸው ሜትፎርሚን በቀን 1000 ሚሊ ግራም ሲሆን የወሰዱት ግን 3000 ሚሊ ግራም ነው። የሆዱ መበጥበጥና ተቅማጡ ይህ መድኃኒት ሲበዛ ከሚያመጣቸው የተለመዱ ምልክቶች ናቸው፤ ነገር ግን በእርሳቸው ዕድሜ የኩላሊታቸው ሁኔታ ሳይታወቅ «ያልፋል» ብሎ መቀመጥ አይገባም። ዛሬውኑ ካርቶኖቹንና ሁለቱንም ወረቀቶች ይዘው ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፤ እስኪታዩ ድረስ ሜትፎርሚኑን አይውሰዱ። ማስታወክ ከበረታባቸው፣ ትንፋሻቸው ከፈጠነ ወይም ከወትሮው የተለየ ድካምና እንቅልፍ ከያዛቸው ደግሞ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይወሰዱ።

ይህን ካልኩ ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። «3/12» የፍሬም የሰዓትም ቁጥር አይደለም፤ የሚናገረው መድኃኒቱ ለምን ያህል ጊዜ እንደታዘዘ ነው። በእንግሊዞች የሕክምና አጻጻፍ ከመስመሩ በታች ያለው ቁጥር የጊዜውን ዓይነት ያመለክታል፦ 7 ከሆነ ቀን ነው፣ ሳምንት 7 ቀን ስላለው፤ 52 ከሆነ ሳምንት ነው፣ ዓመት 52 ሳምንት ስላለው፤ 12 ከሆነ ወር ነው። ስለዚህ «5/7» አምስት ቀን፣ «2/52» ሁለት ሳምንት፣ «3/12» ሦስት ወር ይሆናል። የጎረቤት ልጁ የተሳሳተው በሒሳብ ደንብ አይደለም፤ ይህን ልማድ ላልተነገረው ሰው «በ12 ሰዓት 3» ብሎ ማንበብ ተፈጥሯዊ ነው፤ እኔም አጻጻፉን የማልወደው ለዚህ ነው።

የፍሬው ብዛት ራሱ ግን እውነቱን ይናገራል። በወረቀቱ ላይ የመሰላል ቅርጽ ያለው የቁጥር ምልክት ካለ፣ ከጎኑ የተጻፈው ሊሰጥዎት የሚገባው የፍሬ ብዛት ነው። የሜትፎርሚኑ ብዛት 180 ከሆነ፣ ለ90 ቀን ሲካፈል በቀን 2 ፍሬ ይደርሳል፤ በቀን 6 ቢሆን ኖሮ 180ው ፍሬ በ30 ቀን ያልቅ ነበር፣ «ሦስት ወር» ከሚለውም ጋር አይገጥምም። ፊደሉን ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ በዚህ የማካፈል ስሌት ትልቅ ስህተት መያዝ ይችላል፤ በመስኮቱ ወዲያ ሆነን እኛም መድኃኒት ከማስረከባችን በፊት የምንሠራው ይህንኑ ስሌት ነው።

አሁን «ኦዲ»። የተደናገሩት በአግባቡ ነው፤ ምክንያቱም በሁለቱ ወረቀቶችዎ ላይ ያለው ኦዲ አንድ ዓይነት ኦዲ አይደለም። በአምሎዲፒኑ ላይ ያለው «ኦምኒ ዲኤ» ከሚለው ላቲን የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «በየቀኑ» ነው፤ በቀን አንድ ጊዜ ማለት ነው። በዓይን ጠብታው ላይ ያለው ደግሞ «ኦኩሉስ ዴክስተር» ነው፤ ቀኝ ዓይን ማለት ነው። ግራ ዓይን ቢሆን «ኦኤስ»፣ ሁለቱም ዓይን ቢሆን «ኦዩ» ተብሎ ይጻፍ ነበር። «ጂቲቲ» ከ«ጉታ» የመጣ ሲሆን ጠብታ ማለት ነው። እንግዲህ ሲገጣጠም የዓይን ሐኪሙ ያዘዘው «በቀኝ ዓይን፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ አንድ አንድ ጠብታ» ይመስላል። ሆኖም «ይመስላል» ያልኩት አውቄ ነው። የዓይን ግፊት በሁለቱም ዓይን ላይ የሚከሰትበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ ወደ ታዩበት ቦታ ደውለው «ቀኝ ብቻ ነው ወይስ ሁለቱም?» ብለው ያረጋግጡ። ቲሞሎል በ0.25 እና በ0.5 በመቶ ስለሚዘጋጅ የጠርሙሱ ቁጥር ከወረቀቱ ጋር መመሳሰሉንም በዚያው ይመልከቱ። እናትዎ አስም ካለባቸው ወይም የልባቸው ምት ዝግተኛ ነው ተብለው የሚያውቁ ከሆነ ጠብታውን ከመቀጠላቸው በፊት ይህን ለዓይን ሐኪሙ መንገር ግድ ነው፤ የዓይን ጠብታ ቢሆንም ከፊሉ ወደ ደም ይገባል። ለዚህም ነው ከጨመሩ በኋላ ዓይንን ጨፍኖ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ በጣት ለአንድ ሁለት ደቂቃ ቀስ ብሎ መጫን የሚመከረው።

የቀሩት ቀላል ናቸው። «ፒኦ» ማለት «ፔር ኦስ»፣ በአፍ የሚወሰድ ነው። «ፒሲ» «ፖስት ሲቡም»፣ ከምግብ በኋላ ነው፤ ተቃራኒው «ኤሲ» ከምግብ በፊት ነው። «ቲአይዲ» በቀን ሦስት ጊዜ፣ «ኪውአይዲ» በቀን አራት ጊዜ፣ «ኤችኤስ» በመኝታ ሰዓት፣ «ስታት» አሁኑኑ ማለት ነው።

በ«ፒሲ» ላይ ግን ጥቂት ልቆይ፤ በአገራችን ብዙ ጊዜ የሚሳተው እዚህ ላይ ነው። እናትዎ ጾም የሚጾሙ ከሆነና እስከ 9 ሰዓት እህል የማይቀምሱ ከሆነ «ከምግብ በኋላ» የተባለው የጠዋት ፍሬ የት ይግባ? አንዳንዶች በባዶ ሆድ ይወስዱትና ሆዳቸውን ሲያማቸው መድኃኒቱን ይጠሉታል፤ አንዳንዶች የጠዋቱን ትተው ማታ ሁለቱን በአንድ ላይ ይውጡታል። ሁለቱም በራስ ውሳኔ የሚደረግ ነገር አይደለም። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ለሐኪሙ በግልጽ ይንገሩት፤ ሰዓቱን አስተካክሎ ሊጽፍ ይችላል። ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን ጾምን እንደምታቀልም የንስሐ አባታቸው ቢያስረዷቸው ብዙ እናቶች ከሐኪም ይልቅ እርሳቸውን ይሰማሉ። በረመዳን ለሚጾሙም ነገሩ ያው ነው፤ የሱሑርና የኢፍጣር ሰዓት ታስቦ መድኃኒቱ የሚደለደለው አስቀድሞ ከሐኪም ጋር በመነጋገር ነው።

«ፒአርኤን» ሲያስፈልግ ብቻ ማለት ነው። ነገር ግን እውነቱን ለመናገር «ፓራሲታሞል 1 ግራም፣ ፒአርኤን» ያልተሟላ ትእዛዝ ነው። ለምን ሲያስፈልግ? በስንት ሰዓት ልዩነት? በቀን እስከ ስንት? 1 ግራም ማለት ባለ 500 ሚሊ ግራሙ 2 ፍሬ ነው። ለአዋቂ ሰው በሁለት አወሳሰድ መካከል ቢያንስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ማለፍ አለበት፤ በ24 ሰዓት ውስጥም በምንም ዓይነት ከ4 ግራም፣ ማለትም ከ8 ፍሬ መብለጥ የለበትም። ክብደታቸው ለቀነሰ ወይም ጉበታቸው ለታመመ አረጋውያን መጠኑ ከዚህም ሊያንስ ስለሚገባ ይህንንም አብረው ይጠይቁ።

መልስ፦ አስታማሚ ነኝ

ፋርማሲስቱ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። እኔ የሕክምና ባለሙያ አይደለሁም፤ አባቴን በስኳር ሕመም ሰባት ዓመት አስታምሜያለሁ። በማዘዣ ላይ ፊደል ብቻ ሳይሆን ፊደልና ቁጥር ሲጠጋጋ የሚመጣውን አደጋ በዓይኔ ስላየሁ ልናገር።

አባቴ ኢንሱሊን ሲጀምሩ በወረቀቱ ላይ የተጻፈው 10 ቁጥር ሆኖ ከጎኑ ተለጥፎ የላቲኑ «ዩ» ነበር፤ ዩኒት ለማለት ነው። ጸሐፊው ቸኩሎ ኖሮ የዩው አፍ ከላይ ሊገጥም ምንም አልቀረውም። 10 እና ዜሮ የመሰለ ክብ፣ በአንድ ላይ 100 ሆኖ ይነበባል። እኔም 100 ብዬ ነው ያነበብኩት። አባቴን የመጀመሪያውን መርፌ ለማስወጋት ወደ ሰፈራችን ጤና ጣቢያ ይዣቸው ስሄድ ነርሷ ወረቀቱን አይታ መቅዳት ጀመረች። ያቺ ቀጭን የኢንሱሊን ሲሪንጅ አንድ ሚሊ ሊትር ብቻ የምትይዝ ስትሆን ከጫፍ እስከ ጫፍ 100 መስመር አላት። ነርሷ ግማሽ ላይ ስትደርስ እጇን አቆመች። «ለጀማሪ ሙሉ ሲሪንጅ?» አለች፤ ቀና ብላ አባቴን አየች፤ ወረቀቱንም ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ ደጋግማ ተመለከተችው። ከዚያ ሲሪንጁን አስቀምጣ ወደ ሐኪሙ አስደወለችኝ። 10 ዩኒት ነበር። ያንን ቀን ሳስብ ዛሬም ሰውነቴ ይንቀጠቀጣል።

ሁለተኛው የሰዓት ነገር ነው። በውጭ አገር የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ለአባታችን የመድኃኒት ሰሌዳ አዘጋጅቶ ላከልን፤ በላዩ «8 ኤኤም» እና «8 ፒኤም» የሚል ነበር። እናታችን 8ን በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓትና ከሌሊቱ 8 ሰዓት አድርገው ለአንድ ሳምንት ያህል አባቴን በሌሊት እየቀሰቀሱ መድኃኒት አስዋጡ። በፈረንጆቹ 8 ኤኤም ማለት በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፤ 8 ፒኤም ደግሞ ከምሽቱ 2 ሰዓት። ስለዚህ ማንም ሰው ሰዓት ሲጽፍላችሁ «ጠዋት»፣ «ቀን»፣ «ማታ» የሚለውን ቃል እንዲጨምርበትና በማን አቆጣጠር እንደሆነ እንዲናገር አድርጉ።

መልስ፦ የሲልቨር ስፕሪንጓ

ጤና ይስጥልኝ። እኔ የምሠራው በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ግዛት፣ በአንድ መድኃኒት ቤት በረዳትነት ነው። አስታማሚዋ የተናገሩት የ«ዩ» ችግር እዚህም ሰው ስለጎዳ፣ ለሆስፒታሎች ዕውቅና የሚሰጠው ጆይንት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2004 «አትጠቀሙባቸው» የሚል አጭር ዝርዝር አውጥቷል። «ዩ» እና «አይዩ» (ዓለም አቀፍ ዩኒት) በዚያ ውስጥ ናቸው፤ ዩኒት የሚለው ቃል በሙሉ ይጻፍ ተብሏል። «ኪውዲ» እና «ኪውኦዲ» የሚሉትም አሉበት፤ የመጀመሪያው በየቀኑ፣ ሁለተኛው በየሁለት ቀኑ ማለት ሲሆን በእጅ ጽሑፍ በቀላሉ ይምታታሉ። በኪውና በዲ መካከል የተደረገች ነጥብ ጅራቷ ትንሽ ከረዘመ «አይ» መስላ ትእዛዙን «ኪውአይዲ» ታደርገዋለች፤ በቀን አንድ የተባለው አራት ይሆናል ማለት ነው።

ከቁጥር ወገን ደግሞ ሁለት ደንቦች አሉ። ከሙሉ ቁጥር በኋላ ነጥብና ዜሮ አይጻፍም፤ 5.0 ነጥቧ ከደበዘዘች 50 ትሆናለች። ከአንድ በታች ለሆነ መጠን ግን ከነጥቡ በፊት ዜሮ የግድ ነው፤ ዜሮ የሌላት ነጥብ አምስት፣ 5 ተብላ ትነበባለችና። በጠያቂው ወረቀት ላይ 0.5 ተብሎ በትክክል መጻፉን ሳይ ደስ ብሎኛል።

«ኦዲ»ን በሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ አሜሪካ ኦዲን ለ«በቀን አንድ ጊዜ» አንጠቀምበትም፤ የምናውቀው ቀኝ ዓይን ተብሎ ነው። በዚህ ምክንያት ከአገር ቤት ማዘዣ ይዘው የሚመጡ ወላጆች ወረቀታቸው እዚህ ሲነበብ ግር ይላል። የመድኃኒት ስምም ይለያያል፤ አገር ቤት ፓራሲታሞል የምንለው እዚህ አሲታሚኖፌን ነው፣ አንዳንዴም በምህጻረ ቃል «ኤፒኤፒ» ተብሎ ይጻፋል፤ በንግድ ስሙ ታይለኖል ነው። እናቶች ለጉልበታቸው ከአገር ቤት ያመጡትን ፓራሲታሞል እየወሰዱ፣ እዚህ ለጉንፋን የተሰጣቸውን ታይለኖል ሲደርቡበት ሁለቱ አንድ መድኃኒት መሆናቸውን የሚነግራቸው የለም። ፋርማሲስቱ የጠቀሱት የ4 ግራም ጣሪያ የሚጣሰው እንዲህ ነው። ለአስም የሚነፋው ሳልቡታሞልም እዚህ አልቡቴሮል ይባላል።

እዚህ አብዛኛው ማዘዣ በኮምፒውተር ስለሚላክ ሕመምተኛው ወረቀቱን አያየውም፤ በጠርሙሱ ላይ የሚለጠፈው ግን በሙሉ ቃል ነው፦ «በቀን ሁለት ጊዜ አንድ እንክብል በአፍ ይውሰዱ» የሚል ዓይነት። ወደ አገር ቤት ስትሄዱ መድኃኒቱን ከዚያ ጠርሙስ አውጥታችሁ በላስቲክ አትጠቅልሉት፤ ጽሑፉ እዚያው ላይ ስላለ ጠርሙሱን እንዳለ ያዙት።

መልስ፦ ጠቅላላ ሐኪም

እነዚህን ወረቀቶች ከሚጽፉት ወገን ነኝና መልስ የመስጠት ኃላፊነት አለብኝ። በአንድ የተመላላሽ ክፍል ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት በርካታ ሰው የሚያይ ሐኪም አሳጥሮ መጻፉ የሚገባ ነገር ነው፤ እኛም እነዚህን ምህጻረ ቃላት በተማሪነታችን የለመድናቸው ከታላላቆቻችን እጅ ጽሑፍ ነው። ይሁንና የሚድነው ጊዜ የጥቂት ሰከንድ ሲሆን የሚመጣው ጉዳት ግን እንዳያችሁት ነው፤ ስለዚህ ምክንያት አላደርገውም። በአገራችን መደበኛ የማዘዣ ወረቀት ላይ የሕመምተኛው ስም፣ ዕድሜ፣ ክብደት፣ የካርድ ቁጥር፣ የመድኃኒቱ ስምና ጥንካሬ፣ መጠኑ፣ ድግግሞሹ፣ የቆይታው ጊዜና ብዛቱ የሚሞላበት ቦታ ሁሉ አለ፤ የጸሐፊው ስም፣ ሙያና ፊርማም እንዲሁ። ይህ ፊርማ የተቀመጠው ፋርማሲስቱም ሕመምተኛውም ያልገባቸውን ተመልሰው እንዲጠይቁን ነው። የማይነበብ ማዘዣ ይዞ የመጣ ሰው ተመልሶ ቢያስነብበን ውለታ ዋለልን እንጂ አላስቸገረንም።

እኔ በፍጹም በምህጻረ ቃል የማልጽፈው አንድ መድኃኒት አለ። ሜቶትሬክሴት ለመገጣጠሚያ ሕመም ሲታዘዝ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚወሰድ ነው። አብዛኛው መድኃኒት በየቀኑ የሚወሰድ በመሆኑ ሰዎች ይህንንም በየቀኑ እየወሰዱ ደማቸው ተጎድቶ ሕይወታቸው ያለፈበት አጋጣሚ በተለያዩ አገሮች ተመዝግቧል። ስለዚህ «በሳምንት አንድ ቀን፣ ሰኞ ብቻ» ብዬ በሙሉ ቃል እጽፋለሁ፤ ከዚያም ሕመምተኛው በራሱ አንደበት እንዲደግምልኝ አደርጋለሁ። ለእንቅርት መድኃኒት፣ ለሌቮታይሮክሲንም እንዲሁ «ማይክሮ ግራም» የሚለውን ቃል አላሳጥረውም፤ የግሪኩ ምልክት «ኤም» መስሎ ሚሊ ግራም ከተነበበ መጠኑ በአንድ ሺህ እጥፍ ይለወጣል።

«ቲአይዲ» የሚለው ላይ ፋርማሲስቱ በፍጥነት ስላለፉ ልጨምርበት። ለልጆች አሞክሲሲሊን ሽሮፕ በቀን ሦስት ጊዜ ሲታዘዝ ብዙ ወላጅ ከቁርስ፣ ከምሳና ከእራት ጋር ይሰጣል፤ እራቱ ከምሽቱ 1 ሰዓት ከሆነ እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት 12 ሰዓት ሙሉ ክፍተት ይፈጠራል። ይልቁንም ሰዓቱን ለማቀራረብ ንጋት 12 ሰዓት፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ቢሆን በመካከላቸው እኩል 8 ሰዓት ይሆናል። በሽሮፑ ጠርሙስ ላይ «125/5» ብታዩ 125 ሚሊ ግራም በእያንዳንዱ 5 ሚሊ ሊትር ውስጥ አለ ማለት ነው፤ ልጁ 125 ወይም 5 ማንኪያ ይውሰድ ማለት አይደለም። መስፈሪያውም ከጠርሙሱ ጋር የሚመጣው ይሁን፤ የቤት ማንኪያ አንዱ ከሌላው አይገጥምምና።

የማዘዣ ፎቶ ስትለጥፉ ደግሞ ስምና የካርድ ቁጥር ሸፍኑ። ጠያቂው ፎቶውን ሳይለጥፉ ጽሑፉን ብቻ ገልብጠው ማቅረባቸው የሚመሰገን ነው።

ጠያቂው ተመልሶ፦ የደብረ ብርሃኑ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እንደተባልኩት በዚያኑ ዕለት እኅቴ እናታችንን ደብረ ብርሃን ላይ አሳክማቸዋለች። የስኳር መጠናቸውና ኩላሊታቸው ተመርምሮ ደህና ነው ተብሏል፤ ዕለቱን ሜትፎርሚኑን አሳርፈዋቸው ከማግሥቱ ጀምሮ በታዘዘው መጠን እንዲቀጥሉ ተነግሯቸዋል። ተቅማጡ ቆሟል፤ ትናንት በደንብ በልተዋል። አስም እንደሌለባቸውም ለዓይን ሐኪሙ አስረድተናል።

ለዓይን ክሊኒኩ ደውዬ ቀኝ ዓይን ብቻ እንደሆነ አረጋገጡልኝ። እናቴ ግን «ዓይን ነው» ብለው በሁለቱም ሲጨምሩ ነበር፤ ባልጠይቅ ኖሮ ይህን መቼም አላውቀውም ነበር። ከመጀመሪያው ሐኪም ዘንድም ተመልሼ ወረቀቱን አስነበብኩ። ሳይቆጣ በትዕግሥት አነበበልኝ፤ ፓራሲታሞሉ ለራስ ምታታቸው እንደሆነ፣ ከ6 ሰዓት ባነሰ ልዩነት እንዳይደግሙና በቀን ከ3 ጊዜ እንዳይበልጡ ጽፎ ፈረመበት።

አሁን በካርቶኖቹ ላይ በወፍራም እስክሪብቶ በአማርኛ ጽፈንባቸዋል። በሜትፎርሚኑ ላይ «ጠዋት 1 ሰዓት ከቁርስ በኋላ 1 ፍሬ፤ ማታ 1 ሰዓት ከእራት በኋላ 1 ፍሬ» ይላል። በጠብታው ላይ «ቀኝ ዓይን፣ ጠዋት 1 ጠብታ፣ ማታ 1 ጠብታ» ብለን፣ እናቴ እንዳይሳሳቱ በጠርሙሱ አንገት ላይ ቀይ ክር አስረናል፤ በቀኝ እጃቸውም ክር አስረዋል። የጎረቤት ልጅም መጥቶ አይቶታል፤ የ7፣ የ52 እና የ12ን ነገር እኅቴ አስረድታው በደብተሩ ጽፎ ሄዷል።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። የተሰጠን በትክክል 180 ፍሬ ነበር። በሁለት ቀን 12 ሄዷል፣ ያረፉበት ቀን አለ፤ ታዲያ ለሦስት ወሩ ይበቃል?

መልስ፦ ፋርማሲስት ከጅማ

እናትዎ በመሻላቸው ደስ ብሎኛል። 168 ፍሬ ቀርቷል፤ በቀን 2 ሲሆን 84 ቀን ያዳርሳል። ያለፉት 3 ቀናት ሲጨመሩ በ87ኛው ቀን ያልቃል፤ ከ90ው 3 ቀን ይጎድላል ማለት ነው። ቀጠሯቸው ልክ በሦስተኛው ወር ከሆነ ከዚያ አንድ ሳምንት ቀደም ብለው ሐኪሙን አግኝተው ለጎደለው 6 ፍሬ ያስጽፉ። በካርቶኑ ክዳን ላይ የሚያልቅበትን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቢጽፉት ጥሩ ነው፤ ፋብሪካው ያተመው የአገልግሎት ማብቂያ ቀን ግን በፈረንጆቹ ስለሆነ ሁለቱን እንዳያምታቷቸው ለእናትዎ ያሳዩአቸው።